«አልራበኝም፣ ግን አማረኝ»፦ ሳይርበን መቆርጠምን ደረጃ በደረጃ መግታት

ምሳ የበላሁት 7 ሰዓት ላይ ነው። ሽሮ፣ ጎመን፣ አንድ ተኩል እንጀራ። ጠግቤ፣ እጄን ታጥቤ ተነሳሁ። 10 ሰዓት ሳይሞላ ግን ወጥ ቤት ገብቼ የፍሪጁን በር ከፍቼ ቆሜያለሁ። ምን ፍለጋ እንደመጣሁ አላውቅም። ዘጋሁት። ቀጥሎ የዳቦ ቆሎውን ጣሳ ከፈትኩ። አንድ እፍኝ ይዤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ሌላ እፍኝ። ከምመላለስ ብዬ በመጨረሻ ጣሳውን ጠረጴዛዬ ላይ አመጣሁት። እናቴ ከክፍለ ሀገር የላከችልኝ ዳቦ ቆሎ «ወር ይበቃሃል» የተባለለት ነበር። አራት ቀን ቆየ።

ያን ሰዓት «ርቦህ ነው?» ብትሉኝ «አይ» ነው የምለው። «አፌ ላይ ጣል የማደርገው ነገር አማረኝ» እል ነበር። አማርኛችን ሁለቱን ለይቶ አስቀምጦልናል፦ ረሀብ አለ፣ አምሮት አለ። ይህ መመሪያ ስለ ሁለተኛው ነው። ስለ ክብደት መቀነስ ወይም ስለ አመጋገብ ፕሮግራም አላወራም። የማወራው ሳታስቡት ወደ ጣሳው ስለምትሄደዋ እጅ ነው።

አንደኛ፦ ሆድ ነው የጠየቀው ወይስ አፍ?

ረሀብ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሆድ ይንጫጫል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሰው በትንሹ ይነጫነጫል። ደግሞም አይመርጥም፤ የተገኘውን ይበላል። አምሮት ድንገት ከተፍ ይላል። ሲመጣም ስም ይዞ ነው፦ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ቺፕስ፣ ያቺ ማታ የተረፈችው ኬክ።

እኔ የምጠቀምባት ፈተና አለች። «አሁን ትናንት ያደረ እንጀራ በአዋዜ ቢያቀርቡልህ ትበላለህ?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ርቦኛል ማለት ነው። ሄጄ በሥርዓት እበላለሁ፤ ምንም ጥፋት የለበትም። «እሱስ ይቅርብኝ፣ ብስኩት ካለ ግን...» ካልኩ የጠየቀው አፌ ነው። ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው «አዋዜ ካለማ!» ብሎ ብድግ አለ። እንዲህ ያላችሁ ሰዎች ፈተናውን በደረቅ እንጀራ አድርጉት።

እዚህ ላይ የሰውነትን አሠራር ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። ግሬሊን የሚባል ሆርሞን አለ። በአብዛኛው ከጨጓራ ነው የሚመነጨው፤ የረሀብ ስሜትን ይቀሰቅሳል። ከፍ የሚለው ጨጓራ ባዶ ሲሆን ብቻ አይደለም። የለመድነው የምግብ ሰዓት ሲቃረብም ከፍ ይላል። በሌላ አነጋገር ሰውነት ሰዓት ያጠናል። በየቀኑ 10 ሰዓት ላይ ብስኩት ስታቀርቡለት ከርሞ 10 ሰዓት ላይ «የታለ?» ይላል። ያስለመድነው እኛው ነን። ያስለመድነውን ደግሞ ማስረሳት ይቻላል።

ከመቀጠሌ በፊት ይህ መመሪያ የማይመለከታቸውን ልንገራችሁ። የስኳር ሕመም መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ሰዎች፣ ድንገት ላብ ላብ ሲላችሁ፣ እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ፣ ራሳችሁን ሲያዞራችሁ «አምሮት ነው፣ ይለፍ» እንዳትሉ። የደም ስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ጣፋጭ ነገር መውሰድ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ቶሎ ቶሎ መራቧ የተፈጥሮ ነው። ተደብቆ እጅግ ብዙ የሚበላ፣ ከበላ በኋላም ራሱን የሚያስመልስ ወይም በጸጸት የሚሰቃይ ሰው ደግሞ ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ሐኪም ቢያማክር ይሻለዋል።

ሁለተኛ፦ ሦስት ቀን ዝም ብላችሁ መዝግቡ

ምንም ነገር አትቀንሱ። እንደ ልማዳችሁ ብሉ። ግን ከመደበኛ ምግብ ውጭ አፋችሁ የገባውን ሁሉ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። አራት ነገር ይበቃል፦ ሰዓቱ፣ የት እንደነበራችሁ፣ ምን እንደበላችሁ፣ እና ከዚያ በፊት ምን ስታደርጉ እንደነበር። የመጨረሻዋን አትዝለሏት፤ ዋናው ጉድ ያለው እሷ ጋ ነው።

የእኔ መዝገብ ይህን ይመስል ነበር። «9፡50፣ ጠረጴዛዬ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሪፖርት ስጽፍ።» «10፡05፣ ያው፣ ያው፣ ያው።» «10፡40፣ ወጥ ቤት፣ የልጁ ብስኩት፣ ሪፖርቱን ዘግቼ ስነሳ።» «ማታ 3፡15፣ ሶፋ፣ ኦቾሎኒ፣ ዜና ሳይ።» በሦስት ቀን ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ ጽፌያለሁ። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ ሪፖርት የምትል ቃል ነበረባቸው።

ገባኝ። የምፈልገው ዳቦ ቆሎ አልነበረም። ከዚያ ወንበር መነሳት ነበር የፈለግሁት። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በየሰዓቱ «መጣሁ» ብሎ ይወጣል፤ ማንም አይጠይቀውም። እኔ የማላጨሰው ሰውዬ ሰበቤ ቆሎ ሆኖ ተገኘ።

የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ከሰው ጋር ከተጨቃጨቀ በኋላ ነው፤ አንዳንዷ ልጆቹን ካስተኛች በኋላ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል። የታክሲ ሰልፍ አጠገብ ሱፍና ኦቾሎኒ የሚሸጥ ልጅ ስላለ ብቻ በየቀኑ የሚገዛም አለ። ምክንያቱን ሳታውቁ ወደሚቀጥለው ደረጃ ብትሄዱ የምትታገሉት ከተሳሳተ ጠላት ጋር ነው።

ሦስተኛ፦ ምግቡን አስተካክሉ

ይህን ደረጃ ሰው መዝለል ይወዳል። ጠዋት ሻይ በዳቦ ቀምሶ የወጣ ሰው 4 ሰዓት ላይ ሳምቡሳ ቢያምረው አምሮት ነው ማለት ይከብዳል። ያ ሰው ርቦታል።

ቁርስ ላይ እንቁላል፣ ፉል፣ ሽምብራ፣ ወይም ከማታ የተረፈ ምስር ወጥ ቢኖር ነገሩ ይለወጣል። ፕሮቲንና አሰር (ፋይበር) ያለው ምግብ ሆድ ውስጥ ይቆያል። በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን፤ ሽሮ፣ ክክ፣ ምስርና ጎመን በየቤታችን አሉ። ችግሩ ቀን ላይ ትተናቸው ማታ 3 ሰዓት ላይ አንድ ትሪ ሙሉ መብላታችን ነው።

ቀስ ብላችሁም ብሉ። ከሆድ የሚነሳው «በቃኝ» የሚል መልእክት አንጎል ጋ ለመድረስ ወደ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ምሳን በሰባት ደቂቃ ጨርሶ የተነሳ ሰው መጥገቡን ሳያውቅ ጣፋጭ ፍለጋ ይሄዳል።

ሻይ ላይም አንድ ነገር ልበል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ የሚያደርግ ሰው ሁለት ብርጭቆ ሲጠጣ 24 ግራም ደረሰ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በቀን 25 ግራም አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ይመረጣል ያለው የተጨመረ ስኳር ይኸው ነው። ቦምቦሊኖው ገና አልተቆጠረም።

እንቅልፍስ? ይህ ከምግብ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በችካጎ ዩኒቨርሲቲ አሥራ ሁለት ጤነኛ ወጣት ወንዶች ሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተደረገ። በደንብ ከተኙበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ረሀብ ቀስቃሹ ግሬሊን በ28 በመቶ ጨመረ፤ የጥጋብ ምልክት የሚሰጠው ሌፕቲን ደግሞ በ18 በመቶ ቀነሰ። በጣም ያማራቸውም ጣፋጭ፣ ጨው የበዛበትና ዳቦ ነክ ነገር ነው። እስከ ሌሊት 7 ሰዓት ቲክቶክ ሲያይ ያመሸ ሰው በማግሥቱ ቢሮ ውስጥ ብስኩት አልቆምለት ቢል «ፈቃደ ደካማ ነኝ» ብሎ ራሱን አይውቀስ። ይተኛ።

አራተኛ፦ እጅ የማይደርስበት ቦታ

የቤታችን አቀማመጥ ራሱ ይጋብዘናል። ቴሌቪዥኑ አጠገብ የፈንዲሻ ሳህን፣ ፍሪጁ ላይ የብስኩት ካርቶን፣ ጠረጴዛው ላይ ክዳን የሌለው የቆሎ ሳህን። ዓይን ያየውን እጅ ያነሳል።

ስለ ፈንዲሻ ካነሳሁ የምወደውን ጥናት ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲኒማ ለሚገቡ ሰዎች ፈንዲሻ በነጻ አደሉ። ለአንዳንዱ ትኩስ፣ ለአንዳንዱ አንድ ሳምንት የሞላው፣ የለሰለሰና የማይጥም። ሲኒማ ቤት ፈንዲሻ የመብላት ልማድ የሌላቸው ሰዎች አሮጌውን ተዉት። ልማዱ ያላቸው ግን ሁለቱንም እኩል በሉ። እንደማይጥም ያውቃሉ፣ ግን በሉት። እንዲህ ዓይነት ልማደኞች ከሲኒማ ቤት ውጭ፣ በስብሰባ አዳራሽ ሲሰጣቸው ግን አሮጌውን ቀነሱ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሲኒማ ቤት ውስጥ ሆነው በማይሠሩበት እጃቸው እንዲበሉ ተደረገ። ያኔም ቀነሱ። እጅ ስትቸገር አእምሮ ይነቃል ማለት ነው።

እኔ ይህን ሞክሬዋለሁ። ለቀኝ እጀኛ ሐበሻ በግራ እጅ መብላት ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። እጅ ብቻ አይደለም የሚቸገረው፤ «ነውር ነው» የሚለው የአያቴ ድምፅ ራሱ ይሰማኛል። ሦስት ፍሬ ኦቾሎኒ በግራ እጄ ወርውሬ አራተኛው ላይ ተውኩት። በእምነት ምክንያት በግራ መብላት የማይሆንላችሁ ቆሎውን በሻይ ማንኪያ ሞክሩት። ቆሎ በማንኪያ የሚበላ ሰው ራሱን ታዝቦ ያቆማል።

ሌላው ነገር ስኒ ነው። የቡና ስኒ። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ዳቦ ቆሎ የምትበሉ ከሆነ ስኒ ሙሉ ቀድታችሁ፣ ጣሳውን ከድናችሁ፣ ቦታው መልሳችሁ፣ ሌላ ክፍል ሄዳችሁ ተቀምጣችሁ ብሉ። ከጣሳ ወይም ከፌስታል በቀጥታ የሚበላ ነገር ማለቂያው ጣሳው ሲያልቅ ነው። ኦቾሎኒ ጤናማ ነው፤ እውነት ነው። ግን መቶ ግራሙ 570 ካሎሪ ገደማ አለው። ያ ከአንድ ምሳ አያንስም፤ ዜና እያየን ደግሞ ሳይታወቀን ያልቃል።

የቤቱን ነገር በአንድ ቅዳሜ መጨረስ ይቻላል። የሚቆረጠመውን ሁሉ ክዳን ባለውና ውስጡ በማይታይ ዕቃ አድርጉት። ወንበር ካልወጡ የማይደረስበት መደርደሪያ ላይ ስቀሉት። ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ የተቀቀለ እንቁላል ይቀመጥ። ሱቅ ርቧችሁ አትሂዱ። «ለእንግዳ ይሆናል» ተብሎ የተገዛ ብስኩት ደግሞ ለእንግዳ ሲደርስ አይቼ አላውቅም።

አምስተኛ፦ ጥያቄውን አስቀድሞ መዝጋት

ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ነው፤ ያገኘሁትም ከጾም ነው።

ረቡዕና ዓርብ፣ በዓቢይ ጾም ደግሞ በሥራ ቀናት ሁሉ፣ እስከ 9 ሰዓት እህል አልቀምስም። በነዚያ ቀናት 4 ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ የሳምቡሳ ትሪ ያልፋል። ይሸተኛል። ግን አልታገልም። እጄም አይዘረጋም፣ ልቤም አይከራከርም። ሐሙስ ዕለት ያው ትሪ ሲያልፍ ግን ውስጤ ሸንጎ ይቀመጣል። «አንድ ብቻ።» «ትናንት እኮ ጾመሃል።» «ምሳ ላይ ትቀንሳለህ።» ክርክሩ ከተጀመረ የሚረታው ሳምቡሳው ነው።

አፉ ያው አፍ ነው። ሆዱም ያው። ታዲያ ረቡዕና ሐሙስ ምን ለያቸው? ረቡዕ ጥያቄው አስቀድሞ ተዘግቷል። ማንም ሸንጎ አይጠራም። ረመዳን የሚጾም አንድ የሥራ ባልደረባዬም ይህንኑ ነው የነገረኝ፦ «ቀን ላይ ምግብ ትዝም አይለኝ። ካፈጠርኩ በኋላ ነው እጄ አላርፍ የሚለው።»

በእርግጥ ጾም ለነፍስ ነው፤ ቆሎ ለመቀነስ ብላችሁ ጹሙ እያልኩ አይደለም። ከአሠራሩ ግን መማር ይቻላል። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለዓመታት ያጠናው ተመሳሳይ ነገር ነው። «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ሰዓቱንና ቦታውን ጠቅሶ የወሰነ ሰው፣ «እሞክራለሁ» ካለ ሰው ይልቅ ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ ይጨምራል።

እንግዲህ የራሳችሁን ደንብ አውጡ። ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ይሁን። የእኔ እነዚህ ናቸው። ከምሳ እስከ እራት አንድ ጊዜ ብቻ እበላለሁ፤ 10 ሰዓት ላይ፣ ተቀምጬ፣ በስኒ ልክ። ስክሪን ፊት፣ ቴሌቪዥንም ይሁን ስልክ፣ ምንም አልቆረጥምም። ከእራት በኋላ ጥርሴን ከቦረሽኩ ውኃ ብቻ።

ደንቡ ውስጥ «ትንሽ»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «ካልበዛ» የሚሉ ቃላት አታስገቡ። ሸንጎው የሚከፈተው በነዚህ ቃላት በኩል ነው። ደግሞ ጨርሶ አትከልክሉ። እኔ መጀመሪያ «ዳቦ ቆሎ በቃኝ» ብዬ ማልሁ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ሌሊት ተነስቼ በላሁ። አሁን 10 ሰዓት ላይ እንደማገኘው ስለማውቅ 9 ሰዓት ላይ አልጨነቅም።

ከጾም ጋር የተያያዘች አንዲት ወጥመድም አለች። «የጾም ነው» የምትለው። የጾም ብስኩት፣ የጾም ኬክ፣ በዘይት የተጠበሰ ድንች፣ ሳምቡሳ። ሥጋና ወተት የለበትም ማለት ቀኑን ሙሉ ይበላል ማለት አይደለም። በሁዳዴ የወፈረ ሰው አይቻለሁ። እኔ ነኝ።

ስድስተኛ፦ መጣ! አሁን ምን ላድርግ?

ቤቱም ተስተካክሎ፣ ደንቡም ወጥቶ አምሮቱ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ ማወቅ ያለባችሁ እየጨመረ እየጨመረ እንደማይሄድ ነው። ከፍ ይላል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። አለን ማርላት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ በዋናነት ከመጠጥና ከሱስ ጋር ለሚታገሉ ሰዎች፣ አምሮትን እንደ ባሕር ማዕበል እንዲያዩት ያስተምር ነበር፤ ላዩ ላይ ሆኖ እስኪያልፍ መጠበቅ። ባሕር ለሌለን ለእኛ የሐምሌ ዶፍን አስቡት። በሱቅ ጣራ ሥር ተጠግታችሁ ትቆማላችሁ፤ አባርቶ ትሄዳላችሁ።

የስልካችሁን ሰዓት ቆጣሪ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከወጥ ቤት ውጡ። ከተቻለ ሰፈሩን በፈጣን እርምጃ ዙሩት። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቸኮሌት የሚያዘወትሩ ሰዎችን ለአሥራ አምስት ደቂቃ በፍጥነት ካስኬዱ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ቸኮሌት አቅርበው ሥራ አሠሯቸው። የተራመዱት፣ ተቀምጠው ካረፉት ጋር ሲነጻጸሩ የበሉት የእነሱን ግማሽ ገደማ ነው። ይህ እኔን በሁለት በኩል ጠቀመኝ፤ ከሪፖርቱም አስነሳኝ።

መውጣት ካልቻላችሁ አፋችሁን ሌላ ሥራ ስጡት። የእኔ መድኃኒት መፋቂያ ናት። መንገድ ዳር የምትሸጠዋ ያቺው እንጨት። 10 ሰዓት ሊሞላ ሲል በረንዳ ላይ ወጥቼ እፍቃለሁ። አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ጥርስ ይሠራል፣ ትንሽ መረር ይላል፣ ከዚያ በኋላ ብስኩት አይጥምም። ቢሮ ውስጥ በስብሰባ መሃል አልመክርም። ቀረፋና ቅርንፉድ ያለው ሻይ ያለ ስኳርም ይሠራል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ግን ያስጠላል፤ አልዋሻችሁም።

አንዲት ቀላል ዘዴ ደግሞ አለች። ወደ ጣሳው ከመሄዳችሁ በፊት ዛሬ ምሳ የበላችሁትን በዝርዝር አስታውሱ። ምን ነበር፣ ከማን ጋር፣ ምን ያህል። በእንግሊዝ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ሱዛን ሂግስ በሙከራ እንዳሳየችው፣ የዕለቱን ምሳ አስታውሰው የጻፉ ሰዎች ከዚያ በኋላ የቀረበላቸውን ብስኩት ቀንሰው በልተዋል። ስልክ እያዩ ምሳ መብላት የሚጎዳውም በዚሁ በኩል ነው። ያላስተዋሉት ምሳ አይታወስም።

ሰባተኛ፦ የቡናው ጣጣ

እስካሁን ያለው ሁሉ በራስ የሚወሰን ነው። ቡና ላይ ግን የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየመሃሉ ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ አምባሻ። ጎረቤታችን ቤት ባለፈው እሑድ የሆነው ይኸው ነው።

«ውሰድ እንጂ ልጄ!»

«በቅቶኛል እማማ፣ አሁን ነው ምሳ በልቼ የመጣሁት።»

«ምሳና የቡና ቁርስ ምን ያገናኘዋል? አፈር ስሆን!»

አፈር ሲሆኑ ማየት የሚፈልግ ማነው? ወሰድኩ።

«ጠግቤያለሁ» የሚለው መልስ በእኛ አገር መልስ ሆኖ አይቆጠርም፤ ይሉኝታ ተደርጎ ነው የሚወሰደው። «አመጋገቤን እያስተካከልኩ ነው» ካላችሁ ደግሞ የቡናው ወሬ እናንተ ትሆናላችሁ። የሠራልኝ ሌላ ነው። መጀመሪያ ሲቀርብ በሁለት እጅ በደስታ ተቀበሉ፤ ትንሽ ዘግናችሁ። ወዲያው አንድ ሁለት ፍሬ ቅመሱና «እንዴት ይጥማል!» በሉ። ከዚያ የቀረውን አትጨርሱት። ባለቤቷ የምታየው እጃችሁን ነው። ባዶ እጅ ካየች ትሞላለች፤ ቆሎ የያዘ እጅ ካየች ታልፋለች። በያዝኳት ቆሎ ከአቦል እስከ በረካ ደርሻለሁ። አቀማመጥም ወሳኝ ነው፤ ፈንዲሻው ያለበት ሰፌድ አጠገብ አትቀመጡ።

ቢሮ ይቀላል። መሳቢያው ውስጥ ብስኩት የሚያስቀምጥ ሰው በየቢሮው አለ። ወንበራችሁን ጀርባችሁ ወደሱ እንዲሆን አዙሩት። ልደት ሲከበር አንድ ቁራሽ ኬክ ብሉ፣ ቆማችሁ ሳይሆን ተቀምጣችሁ።

ስምንተኛ፦ የተሰበረ ቀን

ይሰበራል። እኔ ፋሲካን ተከትሎ ሙሉ ሳምንት ደንቤን ረስቻለሁ። የሚጎዳው የተበላው ሳይሆን «ከተበላ አይቀር» የምትለዋ ናት። ሁለት ብስኩት በልተን «ዛሬማ ተበላሽቷል፣ ከሰኞ እጀምራለሁ» ብለን ፓኮውን እንጨርሳለን። ገና ማክሰኞ ነው።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲይዙ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ጥናታቸውን አሳትመዋል። ልማዱ ሳይታሰብ እስኪሠራ በአማካይ 66 ቀን ፈጀ፤ ለአንዱ 18 ቀን፣ ለሌላው 254 ቀን ተገመተ። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ሂደቱን ብዙም አላበላሸውም። ስለዚህ ሁለት ብስኩት ከበላችሁ ሁለት ብስኩት በላችሁ። ጻፉት፣ ጣሳውን ክደኑት፣ እራታችሁን በሰዓቱ ብሉ።

እኔ ከጀመርኩ አሁን ሦስተኛ ወር ላይ ነኝ። ጣሳው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፣ ስኒዋ አጠገቡ። ባለፈው ሳምንት እናቴ ደወለች፤ ዳቦ ቆሎው አልቆ እንደሆነ ሌላ ልትልክልኝ። ገና ግማሽ እንዳለ ነገርኳት።

ትንሽ ዝም አለች።

«ምነው ልጄ፣ በርበሬው በዛበት እንዴ?»